የወላጅ መቀመጫ በሕፃናት ቴሌቪዥን ፊት

የዛሬው ንግግራችን ርእሰ ጉዳይ ለሕፃናት የሚቀርበው የቴሌቪዥን ዝግጅትና የወላጅ ድርሻ ነው፤ በሬዲዮ ተቀምጦ ስለ ቴሌቪዥን መናገር ጎረቤትን እንደ ማማት እንዳይቆጠርብኝ ግን አስቀድሜ ይቅርታ እለምናለሁ።

የምናገረው እንደ ሊቅ ወይም እንደ ሐኪም ሳይሆን በነቀምቴ ከተማ ልጆች እንደሚያሳድግ አንድ አባት ነው። ብዙዎቻችን አንድ ዝግጅት ለቤተሰብ የሚገባ መሆኑን ስንመረምር የምንፈልገው በውስጡ የሌለውን ነገር ነው፤ ይኸውም ደም ካልፈሰሰበት፣ ስድብ ካልተሰማበት፣ ዐይን የሚያሳፍር ነገር ካልታየበት፣ «ይህስ ደኅና ነው» ብለን ሪሞቱን ለልጁ ትተን ወደየሥራችን እንሄዳለን። ይህ መመዘኛ ሐሰት ነው አልልም፤ ጎዶሎ ነው እንጂ። እኔ የቤተሰብ ዝግጅት የምለው፣ ትልቁ ሰው ከሕፃኑ ጎን ተቀምጦ ሳይሰለች ሊያየው፣ ሊስቅበት፣ ሊከራከርበት፣ «እኔም በልጅነቴ እንዲህ አድርጌ ነበር» ብሎ ቃል ሊጨምርበት የሚችለውን፣ በአጭሩ ለወላጅ መቀመጫ ያተረፈውን ዝግጅት ነው።

ይህን ስል ከባዶ አልተነሣሁም፤ ሀገራችን በዚህ ረገድ ያየችው መልካም ምሳሌ አለና። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ በአዲስ አበባ ሥራውን ሲጀምር፣ ለሕፃናት የተመደበውን ጊዜ የተረከቡት በባሌ የተወለዱት የቴአትር ሰው ተስፋዬ ሣህሉ ነበሩ፤ ሀገር ሁሉ የሚያውቃቸው ግን አባባ ተስፋዬ በሚለው ስም ነው። እኚህ ሰው ሴት ተዋናይ በማይገኝበት ዘመን ቀሚስ ለብሰው የሴት ገጸ ባሕርይ የተጫወቱ፣ ወደ ኮርያ የዘመተውን የቃኘው ሠራዊት ለማዝናናት ባሕር የተሻገሩ፣ ዘፈንም ምትሐትም ከእጃቸው የማይጠፋ የመድረክ ባለጸጋ ሲሆኑ፣ በሕፃናት ፊት በተቀመጡ ጊዜ ግን ያን ሁሉ ጥበብ አለዝበው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ አንድ የቤት አያት ያወጉ ነበር። የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች ብለው ጠርተው ጤና ይስጥልኝ ባሉ ጊዜ፣ በየቤቱ ያለው ልጅ ሰላምታውን እውነተኛ ሽማግሌ በፊቱ የቆመ ያህል ከመቀመጫው ተነሥቶ ይመልስ እንደ ነበር፣ የዚያን ዘመን ልጆች የዛሬ ሽማግሌዎች ሆነው ይመሰክራሉ።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እወዳለሁ። አባባ ተስፋዬ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ ለ42 ዓመታት ያህል በዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጡ፣ ከንጉሡ ዘመን ወደ ደርግ፣ ከደርግም ወደ ኢሕአዴግ መንግሥታት ሲፈራረቁ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም ሲያርፉም ሦስት ትውልድ እኩል ያዘነላቸው፣ መሣሪያቸው የረቀቀ ስለ ነበር አይደለም። ካሜራው ከቦታው እምብዛም አይነቃነቅም፤ ሥዕሉም በመጀመሪያዎቹ ሃያ ዓመታት ጥቁርና ነጭ ነበር። ምሥጢሩ ይመስለኛል፣ በቴሌቪዥኑ መስኮት ውስጥ ያለው ሰው በቤት ውስጥ ያለውን ሽማግሌ የሚተካ ሳይሆን የሚያስታውስ መሆኑ ነው። እሳቸው የጀመሩትን ተረት አባት ያውቀዋል፤ እናትም በሌላ አጨራረስ ሰምታዋለች፤ ስለዚህ ዝግጅቱ ሲያበቃ ወሬው አያበቃም፣ «የእኛ ሀገሩ ቀበሮ ግን እንዲህ ነበር ያደረገው» የሚል ሰው ከቤት አይጠፋም። በዚያ ላይ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ስለ ነበር፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጫማውን በር ላይ አውልቆ በአንድ ሳሎን ይሰበሰብ ነበርና፣ ብቻውን የሚያይ ልጅ ከቶ አልነበረም። ድህነትም አንዳንድ ጊዜ ሳያስበው መልካም ሥርዓት ይሠራል።

ወደ ወለጋ ስንመጣ ደግሞ ለሕፃናት የሚሆን ተረት ከቴሌቪዥን እጅግ ቀድሞ የተደራጀበት ሀገር መሆኑን እናገኛለን። የመጽሐፍ ቅዱስን ትርጉም በአፋን ኦሮሞ ፈጽሞ በ1899 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በስዊዘርላንድ ያሳተመው፣ በኋላም በ1904 ወደ ነቀምቴ መጥቶ ያስተማረው ኦኔሲሞስ ነሲብ፣ እንደ እርሱ ከባርነት ነፃ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ በ1894 በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ ያሳተመው የፊደል መማሪያ መጽሐፍ፣ ቃላትን ብቻ የደረደረ አልነበረም፤ በውስጡ ተረትና ምሳሌ ሞልቶበታል። አስቴር ብቻዋን አምስት መቶ ያህል ተረቶችን፣ እንቆቅልሾችን፣ ምሳሌዎችንና ዜማዎችን ከልቧ አውጥታ እንደ ጻፈች ታሪኳን ያጠኑ ሊቃውንት ይመሰክሩላታል። ከልጅነት መንደሯ በግፍ ተነጥቃ በባዕድ ሀገር ያደገች ሴት፣ ያን ሁሉ የእሳት ዳር ጨዋታ በኅሊናዋ ይዛ መቆየቷና በመጨረሻም እዚሁ ነቀምቴ መጥታ ሕፃናትን ማስተማሯ፣ ባሰብኩት ቁጥር ያስደንቀኛል። ከእነዚያ አምስት መቶ ጨዋታዎች መካከል አንዱ እንኳ በሕፃናት ቴሌቪዥን ሲቀርብ እስካሁን አላየሁም፤ በዚህ ላይ ቅሬታዬን ሳልደብቅ ብናገር አድማጮቼ እንደማይፈርዱብኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

አሁን ያለውን ሁኔታ እንመልከት። ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ከተማችን ወደ ሰማይ የቀና ዲሽ የሌለበት መንደር ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል፤ ለብዙ ዓመታትም ዲሹ የሚያመጣው የሕፃናት ዝግጅት በአብዛኛው የዐረብኛ ነበር። በ1997 ዓ.ም ሥርጭቱን የጀመረው ኤምቢሲ 3 የተባለው የሕፃናት ቻናል በብዙ የኢትዮጵያ ቤቶች፣ ወላጅ ከማያውቀው ቋንቋ ጋር፣ ከጠዋት እስከ ማታ ተከፍቶ ይውል ነበር። ከዚያም የሀገር ውስጥ ጣቢያዎች ኢትዮሳት ወደ ተባለው ሥርጭት ሲሸጋገሩ፣ ዲሹን ማዞር ወይስ መተው የሚለው ክርክር በየቤቱ ተነሣ፤ በእኔ ሰፈር ዲሽ ሠሪው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሳለ ልጆች ከታች ሆነው «ካርቶናችንን አታጥፋብን» እያሉ ሲያለቅሱ፣ አባት ደግሞ የዜናውን ጣቢያ እንዲፈልግለት ሲጠይቅ ሰምቻለሁ። በስተመጨረሻ ብዙ ቤት ሁለት ዲሽ ተክሎ ታረቀ፤ ኪሱ ያልፈቀደለትም ለልጁ ሞባይል ሰጥቶ ተገላገለ።

በእኔ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ትንሿ ልጄ ከአያቷ፣ ማለት ልጆቹ «አኮ» ከሚሏት ከእናቴ ጋር ተቀምጣ ካርቶን ፊልም ታያለች። እናቴ የምታውቀው አፋን ኦሮሞ ብቻ ነው፤ አማርኛም በገበያ ልክ ትሰማለች። ጥቂት ቆይታ «ልጄ፣ ይሄ ጥንቸል ምን ሆኖ ነው የሚሮጠው?» ብላ ጠየቀች። ልጅቷም ዐይኗን ከመስኮቱ ሳትነቅል «እኔ እንጃ አኮ፣ ዝም ብሎ ነው» አለቻት። እናቴ ተረት አዋቂ ሴት ናት፤ ስለ ጥንቸልና ስለ ጅብ ከአርጆ ይዛ የመጣችው ኦዱ ዱሪ፣ ማለት የጥንት ተረት፣ አንድ ክረምት ሙሉ አያልቅም፤ ዳሩ ግን ያን ጊዜ ዝም ብላ ወደ ቡናዋ ተመለሰች። በዚያ ፊልም ውስጥ ደም አልነበረም፤ ነውርም አልነበረም። ለአያትየው ግን መቀመጫ አልነበረውም፤ ለልጅቷም ቢሆን ሩጫውን እንጂ የሩጫውን ምክንያት አልሰጣትም።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ ጭንቀት አይደለም። በኅዳር 1962 ዓ.ም በአሜሪካ ሀገር ሰሰሚ ስትሪት የተባለው ዝነኛ የሕፃናት ዝግጅት ሲጀመር፣ መሥራቾቹ የዝግጅቱን ክፍሎች አስቀድመው በሕፃናት ፊት ይፈትኑ ነበር፤ ኤድዋርድ ፓልመር የተባለው ተመራማሪያቸው በአንድ በኩል ዝግጅቱን፣ በሌላ በኩል በየ7 ሰኮንድ ተኩሉ የሚለዋወጥ ሥዕል እያሳየ፣ ሕፃኑ ዐይኑን ከዝግጅቱ የሚነቅለው የት ላይ እንደ ሆነ ቆጥሮ ይመዘግብ ነበርና፣ የሰለቸው ክፍል ወጥቶ ይጣል ነበር። ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ውሳኔያቸው ነው፤ ሕፃኑ የማይገባውን፣ ወላጁን ግን የሚያስቀውን ቀልድና ወላጁ የሚያውቃቸውን ዝነኛ ሰዎች ሆነ ብለው በዝግጅቱ ውስጥ ማስገባታቸው ነው። እናት ከልጁ ጎን ተቀምጣ ስታይና ስታወራው ልጁ የበለጠ እንደሚማር ስለ ተረዱ፣ እናትን ማባበል የትምህርቱ አካል ሆነ። አባባ ተስፋዬ በቤት አያትነት ጸጋ ያገኙትን እነዚያ በምርምር ደረሱበት ማለት ነው።

ስለ ፍጥነትም አንድ የሚጠቀስ ፈተና አለ። በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ 60 የአራት ዓመት ሕፃናት በሦስት ተከፍለው፣ አንደኛው ወገን ስፖንጅቦብ የተባለውን የሚክለፈለፍ ካርቶን፣ ሁለተኛው ለዘብ ያለ ትምህርታዊ ፊልም ለ9 ደቂቃ ሲያዩ፣ ሦስተኛው ደግሞ በዚያው ልክ ሥዕል እንዲሥል ተደረገ፤ ከዚያም ራሱን ንካ ሲባል የእግሩን ጣት እንደ መንካት፣ ጣፋጭ በፊቱ ተቀምጦ ታግሦ እንደ መጠበቅ ባለ ነገር ሁሉም ተፈተኑ። የሚክለፈለፈውን ያዩት ከሌሎቹ በግልጽ ዝቅ ብለው ተገኙ። ዘጠኝ ደቂቃ ብቻ ነው። ውጤቱ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚዘልቅ ፈተናው አልመረመረም፤ ስለዚህ «ልጄ ካርቶን በማየቱ ጠፋ» ብላችሁ እንድትደነግጡ አልፈልግም። ልጁን ፊደል ከማስቆጠራችሁ ወይም የቤት ሥራ ከማሠራታችሁ አስቀድማችሁ የሚክለፈለፍ ካርቶን ከፍታችሁ ከሆነ ግን፣ ቢቁነጠነጥ በቁጣ አትቅደሙት።

የዓለም ጤና ድርጅት በሚያዝያ 2011 ዓ.ም ባወጣው መመሪያ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከቴሌቪዥን መስኮት ፊት ባይቀመጥ ይመረጣል፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለውም በቀን ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ፣ ቢያንስም ይሻላል ብሏል። በሀገራችንም በ1999 ዓ.ም የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 ለሕፃናት የማይገባ የቴሌቪዥን ዝግጅት ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ እንዲተላለፍ ደንግጎ ነበር። መልካም ሕግ ነበር፤ ከሌላ ሀገር ሰማይ የሚወርደው ቻናል ግን የእኛን ሰዓት አያውቅም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለም፣ በ2008 ዓ.ም ቃና ቴሌቪዥን የቱርክን ድራማ በአማርኛ እያሰማ ብቅ ካለ ወዲህ፣ ገና በሁለት ሰዓትና በሦስት ሰዓት ስለ ከዳ ባልና ስለ በቀል የሚያወራውን ታሪክ ልጆቻችን በእናታቸው ጭን ላይ ተቀምጠው ሲከታተሉ፣ ሪሞቱን የያዝነው እኛው ነን። ቴሌቪዥኑ አንድ፣ ሳሎኑም አንድ በሆነበት ቤት፣ የትልልቁ ሰው ፕሮግራም ሁሉ የሕፃኑም ፕሮግራም ነው።

በዚህ መካከል ተስፋ የሚሰጥ ነገር ከሀገር ውስጥ ተወልዷል። በአዲስ አበባ የአንደኛ ደረጃ መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር ሆና፣ በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ በመኖሪያ ቤታቸው የቀረጹት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው ዝግጅት፣ የስድስት ዓመት ዕድሜ ያላት፣ ፀሐይ የተባለች ጠያቂ ቀጭኔ በአሻንጉሊት አምሳል የምትተውንበት ነው። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀርቦ ብዙ ሳይቆይ፣ በ2008 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ትምህርታዊ ዝግጅቶች የሚወዳደሩበትን የጃፓን ሽልማት ያገኘ ሲሆን፣ ብሩክታዊትም በ2010 ለወጣቶች የሚሰጠውን የሮሌክስ ሽልማት ተቀብላለች። እኔን የማረከኝ ግን ሽልማቱ አይደለም። ፀሐይ ስትጠይቅ ቆም ትላለች፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ የእኔ ልጅ ትመልሳለች፣ ካልመለሰችም እኔ እመልሳለሁ፣ ተሳስቼ ስመልስ ደግሞ ልጄ ታርመኛለች። እጅን ስለ መታጠብና ከወባ ስለ መጠንቀቅ የሚያስተምረውም ሐኪም መስሎ ሳይሆን ልጅ ሆኖ ነው። ዝግጅቱ ከአማርኛ ሌላ በአፋን ኦሮሞና በሌሎች የሀገራችን ቋንቋዎች መቅረቡ ደግሞ እንደኛ ላለ ከተማ ትልቅ ነገር ነው፤ እናቴ ያን ጊዜ ስለ ጥንቸሉ የጠየቀችውን ዐይነት ጥያቄ ስለ ቀጭኔዋ መጠየቅ አላስፈለጋትምና። እንዲያውም የፀሐይን ጥያቄ ከልጆቹ ቀድማ እየመለሰች ታስቀይማቸዋለች።

አንዳንዷ አድማጭ፣ «አንተስ ጊዜ ኖሮህ ትቀመጣለህ፤ እኔ ከገበያ ደክሜ ስገባ እንጀራ የሚጋግርልኝ የለም፤ ቴሌቪዥኑ ልጄን ካልያዘልኝ ማን ይያዝልኝ?» ብላ እንደምትሞግተኝ አውቃለሁ። ሙግቷ እውነት ነው፤ ምጣድ የተጣደባት እናት ሳሎን ቁጭ ብላ ካርቶን ትይ የሚላትን መካሪ ሰምታ ብትስቅበት አልፈርድባትም። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ መቀመጫው የእናት ብቻ አይደለም። የሦስተኛ ክፍል ወንድም አለ፣ አያት አለች፣ አባትም ከሥራ በኋላ ኳስ የሚያይበት ሰዓት ካለው ሃያ ደቂቃ ቢያካፍል አይጎዳም። ማንም ባይኖር እንኳ፣ ሊጥ እየቀዳች «ዛሬ ቀጭኔዋ ምን ሆና ነው ያለቀሰችው?» ብላ ከማዕድ ቤት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መጠየቅ ትችላለች፤ ልጁም ሊያስረዳት ሲል ያየውን በቅደም ተከተል ያደራጃል፣ ቃል ይፈልጋል፣ ያልገባውንም ያኔ ያውቃል። መብራት ሲጠፋም (በከተማችን ሲጠፋ አይታችሁ ታውቃላችሁና) የቀረውን ታሪክ ልጁ ራሱ እንዲጨርሰው ብትሉት፣ ከጣቢያው የተሻለ ደራሲ ታገኙ ይሆናል።

ለዝግጅት አቅራቢዎችም አንድ ልመና አለኝ። አፋን ኦሮሞ የሚናገር የሕፃናት ዝግጅት ከቋንቋው ጋር ሀገሩንም ይዞ ቢመጣ ምን አለበት? ልጄ የአፋን ኦሮሞ ጽሕፈት የሆነውን የቁቤን የመጀመሪያ ፊደል በባዕድ ፍሬ ሥዕል ተምራዋለች፤ በጓሯችን የሚበቅለው፣ በመስቀልም ተቀቅሎና ተወቅጦ በቅቤ የሚቀርበው አንጮቴ ግን በዚያው ፊደል ይጀምራል። ወደ ነቀምቴው የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት፣ ወደ ዴዴሳ ወንዝ፣ ወደ ጊምቢ ቡና ለቀማ ካሜራ ቢዞር ለሕፃናት የሚሆን ወሬ አይታጣም፤ ተረቱም ቢሆን አስቴር ጋኖ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድማ ጽፋ አስቀምጣዋለች።

ሁለተኛውና የመጨረሻው ልመናዬ የሰዓት ነገር ነው። የሕፃናት ዝግጅት በብዙ ጣቢያ ላይ የሚተላለፈው ቅዳሜና እሑድ ጠዋት፣ ወላጅ በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በልብስ አጠባ ላይ ባለበት ሰዓት ነው። ቅዳሜ ደግሞ የነቀምቴ ሰው ሁሉ ገበያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ያው ዝግጅት ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቡናው ተፈልቶ አያትም አባትም በቤት ባሉበት፣ ከዜናው አስቀድሞ ግማሽ ሰዓት ቢሰጠው፣ ጣቢያው ምንም ተጨማሪ ወጪ አይጠየቅም።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት፣ ትምህርት ቤት ያልገቡ ሕፃናትን በቤት ውስጥ ፊደል ስለ ማስቆጠር እንነጋገራለን።